ሦስት ነጥብ አንድ ሊትር

ሞተሩ ከሚገባው በታች ነዳጅ በላ። ችግሩ ይኸው ነበር።

ሳምራዊት በታንከሩ ጎን ያሰረችውን የመስታወት ቱቦ ጎንበስ ብላ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። መስመሮቹን በገዛ እጇ፣ በሊትር እየሰፈረች ነው ያሰመረቻቸው፤ ስህተት ቢኖርባቸው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ታገኘው ነበር። አራት ኩንታል ስንዴ ተፈጭቶ አልቋል። ከታንከሩ የጎደለው ሦስት ነጥብ አንድ ሊትር ነው።

ባለፈው ሳምንት ይኸው ሞተር በናፍጣ ሲሠራ ለዚያው አራት ኩንታል አራት ነጥብ ስምንት ወስዶ ነበር። ከጃትሮፋ ፍሬ የተሠራውን ዘይት የጨመሩለት ሰኞ ነው። ሰኞ አምስት ነጥብ ሦስት በላ፤ እሷም የጠበቀችው ይህንኑ ነበር፤ የፍሬ ዘይት በሊትር የሚሰጠው ጉልበት ከናፍጣ ስለሚያንስ ለእኩል ሥራ ትንሽ ይበልጥ ይፈልጋል። ማክሰኞ ግን አራት ነጥብ አራት ሆነ። ዛሬ ረቡዕ፣ ሦስት ነጥብ አንድ።

"ረቡዕ አይደል? ጾም ይዞ ይሆናል" አለ አብዱልወዱድ፣ ከቅንድቡ ላይ ዱቄት በጨርቅ እየጠረገ።

ሳምራዊት አልሳቀችም። አብዱልወዱድ ከባቲ መጥቶ እዚህ ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለው ወፍጮ ቤት ሃያ ዓመት ሞተር ያስነሣ ሰው ነው፤ ጃትሮፋውንም በልጅነቱ ያውቀዋል። አገሩ ላይ አይደርቄ ይሉታል፤ ለአጥር ይተክሉታል፤ ከብት አይደፍረውም፣ ፍሬውን የቀመሰ ልጅም ሆዱን ይዞ ያድራል። መርዝ የሚበላ ሞተር አይቶ እንደማያውቅ ሰኞ ዕለት ነግሯታል። ዛሬ ደግሞ መርዙ የተስማማው ይመስላል አላት።

"ጋሽ አብዱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አይቆጡም?"

"ጠይቂኝ።"

"ሞተሩ እየሠራ ሳለ ታንከሩ ላይ የጨመሩት ነገር አለ?"

አብዱልወዱድ ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ እሷ ሳትወለድ ጀምሮ ሰው እህሉን አምኖ ሲሰጠው እንደኖረ፣ ካላመነችው እግሩን አስራ ልታስቀምጠው እንደምትችል፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ነገራት። ከቂም ይልቅ ድካም ነበረበት። ሳምራዊት ይቅርታ ጠየቀች፤ ጥያቄውን ግን አልተወችውም። ሰው ካልጨመረ ማን ጨመረ?

ስልኳ ጮኸ። እስክንድር ነው፤ ዘይቱን ከሚያስሞክረው፣ ዓዲ ሓቂ ካለው ቢሮ። በዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ይቀድማት ነበር፤ አሁን አለቃዋ ነው። ቁጥሩን ስትነግረው ሳቀ።

"ሞተሩ ዘይቱን እየለመደው ነው ማለት ነው" አላት።

"ሞተር አይለምድም፣ እስክንድር።"

"ሳሚ፣ ስሚኝ። በዚህ ቁጥር እኮ ዘይቱ አዋጪ ነው።"

እውነቱን ነው። ፍሬ ለቀማው፣ መጭመቂያው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ኬሚካል ሁሉ ሲደመር የዘይቱ አንድ ሊትር የማደያውን ናፍጣ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ያወጣል። በሰኞው ቁጥር ዘይቱ ይከስራል። በዛሬው ቁጥር በጥቂቱም ቢሆን ያተርፋል። ነገ ጠዋት የሁለት የገጠር ጣቢያ ገበሬዎች ተወካዮች ቢሮ ይመጣሉ፤ ቁጥሩ ጥሩ ከሆነ ከገብስ ማሳቸው እየቀነሱ ጃትሮፋ ሊተክሉ ይፈርማሉ። ተክሉ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ዓመት ይፈልጋል፤ የተቀነሰው ገብስ ግን የሚጎድለው በዚሁ ዓመት ነው። እስክንድር ሪፖርቱን እስከ ዐሥር ሰዓት እንድትልክለት ነገራት። ጥርጣሬ ካላት ምክንያቱን ትጻፍ፤ ምክንያት የሌለው ጥርጣሬ ግን ወረቀት ላይ ቦታ የለውም አለና ዘጋው።

ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነበር። አብዱልወዱድ ሞተሩን አጥፍቶ ለሶላት ወጣ።

ሳምራዊት ከቦርሳዋ ሻማ አወጣች። የታንከሩን ክዳን ዙሪያውን በቀለጠ ሰም አሸገችና ሳይደርቅ አውራ ጣቷን አተመችበት። ሥራ ሲያበቃ ሁልጊዜ የምትዘጋውን፣ ወደ ሞተሩ የሚወስደውን የታንከሩን ሩቢኔት ዛሬ ሆን ብላ ከፍታ ተወችው። እያንጠባጠበ የሚፈስ ካለ ደረጃው ሲወርድ ታየዋለች። ጀሪካን ገልብጣ ተቀመጠችበትና ቱቦውን ፊት ለፊት አፍጥጣ ማየት ጀመረች።

ሞተሩ ሲቆም ወፍጮ ቤቱ ሌላ ቤት ይሆናል። አየር ላይ የነበረው ዱቄት ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ይረጋል። ከቆርቆሮው ቀዳዳዎች የገባው ብርሃን በቀጫጭን ዘንግ ቆሞ ይታያል። ደጅ ጥላ ሥር ተራቸውን የሚጠብቁት ሴቶች እንኳ ሞተሩ ሲያርፍ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቃቸው አታውቅም።

ከተራ ጠባቂዎቹ አንዷ ኣሪያም ግን ደጃፉ ላይ፣ ከነማሽላዋ ተቀምጣለች። ከኲሓ ማዶ ነው የምትመጣው፤ በመንገዷ ላይ ሁለት ወፍጮ ቤት አልፋ።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ሰኞ የጥብስ ሽታ ነበር የሚሸተው" አለቻት፣ ትግርኛዋን በአማርኛ እያለበሰች። "ዛሬ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። አልሸተተሽም?"

ሳምራዊት አነፈነፈች። ሸቷታል። ለራሷ አልነገረችም እንጂ ከጠዋት ጀምሮ ሸቷታል።

"ድምፁም ተለውጧል" ቀጠለች ኣሪያም። "ሐቁን ልንገርሽ፣ የድሮው ድምፅ ነው። የገብረተንሳኤ ጊዜ።"

ገብረተንሳኤ የወፍጮ ቤቱ ጌታ ነበር፤ አሁን ወፍጮውን የምታስተዳድረው የየሺወርቅ ባል። ሳምራዊት ታሪኩን በዚህ ሳምንት ብቻ ከአምስት ሴቶች ሰምታዋለች፤ ሁሉም ሲነግሯት በአንድ ቃል ነው። በጦርነቱ ከበባ ጊዜ ከተማው ውስጥ ናፍጣ ሲጠፋ፣ ሌላው ወፍጮ ሁሉ ቆሞ የእሱ ብቻ ሲሠራ ከረመ። በመጨረሻው ሳምንት ታንከሩ ባዶ ነበር፤ ክዳኑን ከፍቶ አሳይቷቸዋል፤ ውስጡ ደረቅ ነው። ሞተሩ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሠራ። ሴቶቹ ያንን ሲያወሩ ያማትባሉ። ከዚያ የእሱም ወፍጮ ቆመ። ናፍጣ የለም አለ። ከወራት በኋላ ሁለት ጀሪካን ይዞ፣ ናፍጣ ፈልጌ እመጣለሁ ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። ሚስቱ እስከ ዛሬ ሐዘን አልተቀመጠችም።

"አንቺስ ያኔ እህል ነበረሽ?" አለቻት ሳምራዊት። የጠየቀችው ጊዜው እንዲያልፍላት ነበር።

"ማሽላ ነበረኝ። ግማሽ ኩንታል። ተሸክሜ መጥቼ ተሸክሜ ተመለስኩ።" ኣሪያም ጣቷን ማሽላው ውስጥ ከታ አወጣችው። "እናቴ ጥርስ አልነበራትም። ቀቅለን ነው የምንሰጣት። ታኘከው ነበር፣ ታኘከው ነበር፤ ከዚያ ተፋችው። በቃ።" ጣቷን በነጠላዋ ጠረገች። "እሱን ግን አልቀየምኩም። ሌላው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ እሱ ለእኛ ብሎ ሄደ። ለዚህ ነው ከዚያ ድረስ የምመጣው።"

ሳምራዊት ወደ ቱቦው ዞረች።

ፈሳሹ ቅድም ካነበበችው መስመር በላይ ነበር።

መጀመሪያ ዐይኗን ነው የተጠራጠረችው። እስክሪብቶ አውጥታ ፈሳሹ የደረሰበት ላይ መስታወቱን ምልክት አደረገችበት፤ ሰዓቷንም አየች። እንደ ሰዓት ቆጣሪ ዘንግ ነው፤ ሲሄድ አይታይም፤ ዐይን ነቅሎ ሲመለሱ ግን ሄዷል። በዐሥረኛው ደቂቃ የእስክሪብቶው ምልክት ተውጧል። ተነሥታ የክዳኑን ሰም አየች። የአውራ ጣቷ ዐሻራ ከነመስመሩ እንዳለ ነው። ሞተሩ ቆሟል፤ ክዳኑ አልተነካም፤ ታንከሩ ይሞላል።

ስልኳን አብርታ መስታወቱ ላይ አስጠጋችው። ከወርቃማው ዘይት መሐል፣ ከሥር ወደ ላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር ክር ይወጣ ነበር። ተጠምዝዞ ይወጣና ላይ ሲደርስ ይበተናል። ቀጥሎ ሌላ ይከተላል።

ፈራች። ይህ ስለሆነባት በራሷ ተናደደች። ፈሳሽ ወደ ላይ የሚወጣው ከወዲያ ከፍ ብሎ የሚገፋው ፈሳሽ ሲኖር ነው፤ ይህንን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ያውቀዋል። ከወዲያ ግን ያለው ግድግዳ ብቻ ነው።

"ኣሪያም፣ እባክሽ ትንሽ ደጅ ጠብቂኝ" አለቻት።

ኣሪያም ፊቷን አየችና ማሽላዋን እየጎተተች ወጣች።

የሺወርቅ የገባችው በዚሁ ጊዜ ነው፣ በጓሮ በር፤ ለአብዱልወዱድ ምሳ ይዛ። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከደብረ ብርሃን በልጅነቷ መጥታ እዚሁ አግብታ የቀረች፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ ሴት። ሳምራዊትን ግድግዳው ሥር ተንበርክካ ስታያት ሰሃኑን እንደያዘች ቆመች።

"አንቺም ሰማሽው?" አለቻት።

"ምኑን?"

"ሲውጥ።" የሺወርቅ ሰሃኑን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው። "ከትናንት ጀምሮ ነው። ሞተሩ ሲቆም ግድግዳው ይውጣል። ጉሮሮ እንዳለው ነገር። ለአብዱ አልነገርኩትም፤ አሁንስ ለየላት ይለኛል ብዬ።"

ሁለቱም አዳመጡ። ደጅ አንዲት ሴት አስነጠሰች። ከዚያ መጣ፤ ከልስኑ ውስጥ፣ ከጆሮ ከፍታ ትንሽ በላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፦ እርጥብ፣ ቀስ ያለ፣ የሚውጥ ድምፅ።

ሳምራዊት ካቻቢቴ አነሣች። ከታንከሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ ግድግዳውን ተጠግቶ ነው የሚያልፈው፤ የዓመታት ዱቄትና ቅባት እንደ ቅርፊት ጋግሮበታል። ቅርፊቱን ፋቀችው። ከታንከሩ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ቱቦው አበጥ ያለ ነገር ነበረው። ስትጠርገው የነሐስ መገጣጠሚያ ሆነ፤ ሦስት አፍ ያለው። አንዱ ከታንከሩ ይመጣል፣ አንዱ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ሦስተኛው፣ እንደ እስክሪብቶ የቀጠነ የመዳብ ቱቦ፣ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ላዩ ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል።

"ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ምንድን ነው ያለው?"

"የእሱ ዕቃ ቤት" አለች የሺወርቅ።

ዕቃ ቤቱ ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፉም ከሌሎች ቁልፎች ጋር የሺወርቅ ወገብ ላይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገብታ ትጠርገዋለች፤ ከዚያ በቀር አትከፍተውም። ከሶላት የተመለሰው አብዱልወዱድ መሰላል እንዲያመጣ ሲነገረው አመጣ። ለምን እንደሆነ ሲነገረው ግን አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ።

"እኔ አልወጣም" አለ። "ወላሂ አልወጣም። ያኔ ታንከሩ ደርቆ ሞተሩ ሲሠራ ስጠይቀው ምን አለኝ? አብዱ፣ አትመርምር አለኝ። አልመረመርኩም። አሁንም አልመረምርም።"

ሳምራዊት ራሷ ወጣች። የዕቃ ቤቱ ኮርኒስ ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋ ነው። በማዕዘኑ በኩል ስፌቱ ክር ሳይሆን ሽቦ ነበር። ፈታችውና ራሷን አስገባች።

ሙቀት። የናፍጣ ሽታ፣ ዐይን የሚያቃጥል። ከቆርቆሮው ሥር፣ በሳንቃ ላይ፣ አንድ በርሜል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከሥሩ ያ የመዳብ ቱቦ ወጥቶ ወደ ግድግዳው ይወርዳል። የበርሜሉ አፍ በአበባማ ጨርቅ ተወትፏል። ከጎኑ ሚስማር ላይ፣ በካራ የተቆራረጡ ምልክቶች ያሉት ረጅም እንጨት ተንጠልጥሏል። የሆነ ሰው ከአንድ ደቂቃ በፊት ሰቅሎት የወረደ ይመስላል።

ጨርቁን አወጣችው። እንጨቱን እስከ ወለሉ ከተተችና መዘዘችው። ርጥበቱ ከእንጨቱ ሲሶ ላይ ቆሟል። ዝቅተኛው የካራ ምልክት፣ ገብረተንሳኤ በመጨረሻ የቆረጠው፣ ከርጥበቱ አንድ ጣት ብቻ ከፍ ይላል።

ከበርሜሉ የጎደለው በሁለት ቀን ውስጥ ሞተሩ የወሰደውና አሁን ወደ ታንከሩ የወረደው ብቻ ነው። ሌላው በሙሉ፣ እሱ ትቶት እንደሄደ፣ እዚህ ነበር።

ወርዳ ሁሉንም በቀጥታ ነገረቻቸው፤ ሌላ አነጋገር አታውቅም። በርሜሉን እዚያ ያወጣው ነዳጅ ፈላጊ ሲመጣ ታንከሩ ባዶ ሆኖ እንዲታይ ነው። በመጨረሻው ሳምንት ሞተሩ በደረቅ ታንከር የሠራውም፣ የታንከሩ ሩቢኔት ተዘግቶ፣ በዚህ ቱቦ ነው። ከዚያ ቱቦው ሳይሠራ ዓመታት ሲቆም ውስጡ የቀረው ናፍጣ ረግቶ ሙጫ ሆነና ደፈነው። የፍሬ ዘይት ደግሞ እንዲህ ያለውን ሙጫ ያሟሟል፤ ለዚህ ነው አሮጌ ሞተር ላይ ሲጨመር ማጣሪያ የሚዘጋው። ሰኞ ማሟሟት ጀመረ፣ ማክሰኞ ትንሽ ከፈተው፣ ዛሬ ሰፋ አደረገው። ሞተሩ ያነሰ አልበላም። ከሁለት ቦታ ነው የበላው።

አብዱልወዱድ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። የሺወርቅ የምታየው ሳምራዊት እጅ ላይ ያለውን ጨርቅ ነበር።

"ስጪኝ እስቲ።"

ሰጠቻት። የሺወርቅ በጣቶቿ መሐል ዘርግታ አየችው።

"የቤት ቀሚሴ ነው" አለች። "ለማጣሪያ ጨርቅ ስጪኝ ብሎኝ እኔው ነኝ የቀደድኩለት። የፋሲካ ሰሞን። ወፍጮው የቆመው ከዚያ በኋላ፣ በግንቦት ነው።"

ሳምራዊት አንድ መውጫ አሰበች። ውሸት አልነበረም፤ ሊሆን የሚችል ነገር ነው።

"ምናልባት ቱቦው ያኔውኑ ተደፍኖበት፣ በርሜሉ አልቋል ብሎ ይሆናል።"

"እንጨቱስ?"

ሳምራዊት ስለ እንጨቱ ተናግራ ነበር። አለመናገር ትችል ነበር።

"አየሽ፣ አንቺ መዋሸት አትችይበትም" አለች የሺወርቅ፣ ያለ ክፋት። በርጩማ ስባ ተቀመጠች። "ለምን እንዳስቀመጠው አላውቅም። ለእኛ ከከተማው መውጫ ይሆናል። የሰው አደራ ይሆናል። ጠይቄ እንዳልቀየመው... የማልጠይቀው ሰው ነው።" ጨርቁን ጉልበቷ ላይ አስተካከለችው። "እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ናፍጣው እዚህ ካለ፣ ሁለት ጀሪካን ይዞ ምን ፍለጋ ነው የሄደው?"

ከግድግዳው ውስጥ ድምፁ እንደገና መጣ፤ ከዚህ ክፍል ሆኖ ሲሰማ ከራስ በላይ ነበር፣ ቀረብ ያለ። አብዱልወዱድ በከንፈሩ የሆነ ነገር ቀራ።

ስልኩ ጮኸ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እስክንድር የሚለው ያው ነበር፤ ሪፖርቱ የት ደረሰ? ሳምራዊት የማክሰኞና የረቡዕ ልኬት ውድቅ እንደሆነ፣ የሚሠራው የሰኞው ቁጥር ብቻ እንደሆነ ነገረችው። በሰኞው ቁጥር ገበሬዎቹ እንደማይፈርሙ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። ታውቃለች። ሁለቱን ውድቅ ያደረገችው በምን ምክንያት ነው? በቱቦ ችግር፣ አለችው። የምን ቱቦ? የት ያለ? ማስረጃው ምንድን ነው? ፎቶ ከሌለው፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ካልፈረመችበት የዛሬውን ቁጥር ወስዶ ነገ እንደሚያቀርብ ነገራት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እሱም የሚጠይቀው አለው። መልሳ እንደምትደውልለት ነግራው ዘጋችው።

የሺወርቅ ሁሉንም ሰምታለች።

"ፊርማዬን ነው የሚፈልገው?"

"ምክንያቱን ጽፌ አንቺ ከፈረምሽበት ቁጥሩ ይሰረዛል። ካልፈረምሽ ገበሬዎቹ ነገ በውሸት ቁጥር ማሳቸውን ይቀንሳሉ።" ሳምራዊት አልለሰለሰችም፤ መለሳለስ ጊዜ ማባከን ይመስላታል። "የማን በርሜል እንደሆነ የመጻፍ ግዴታ የለብኝም። የቆየ በርሜል ብዬ ማለፍ እችላለሁ። ግን ወረቀቱ እዚሁ ከተማ ነው ያለው። ሰው ይሰማል።"

"ይሰማል" አለች የሺወርቅ።

ከደጅ የሴቶቹ ድምፅ ይመጣል። ኣሪያም የሆነ ነገር በትግርኛ አለች፤ ሳቁ፤ ሌላዋ ሞተሩ መቼ እንደሚነሣ ወደ ውስጥ ጮኻ ጠየቀች።

"ስንት ነው ያለው?" አለች የሺወርቅ።

"ሰባ ሁለት ሊትር ገደማ። በዚህ ሳምንት የወረደው ሲጨመር ሰባ ስድስት።"

"ሥራሽ ይኸ አይደል? አስቢልኝ። ያኔ ስንት ይፈጭ ነበር?"

ሳምራዊት ማሰብ አላስፈለጋትም። በናፍጣ ለአንድ ኩንታል አንድ ነጥብ ሁለት ሊትር። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ይህ ቁጥር ስትተኛም አብሯት ነው። አሁን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር መናገር ከበዳት።

"ስድሳ ሦስት ኩንታል" አለች።

የሺወርቅ ራሷን ነቀነቀች፤ ሒሳቡን እንደሚያርም ሳይሆን እንደሚቀበል ሰው። ስድሳ ሦስት ኩንታልን ወደ ሰው አልመነዘረችውም፤ ሳምራዊትም አልመነዘረችላትም። አንድ ቁና፣ ሁለት ቁና፣ ግማሽ ኩንታል በጀርባ ተሸክሞ የመጣ፣ ተሸክሞ የተመለሰ።

"ወረቀቱን አምጪው።"

ሳምራዊት ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጻፈች። ሁለት ዓረፍተ ነገር በቃት። የበርሜሉን ቦታ ጻፈች፣ የቱቦውን መገጣጠሚያ ጻፈች፣ የማን እንደሆነ አልጻፈችም። የሺወርቅ ቀስ ብላ አነበበችው። እስክሪብቶውን ተቀብላ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ፣ በራሷ እጅ፣ የባሏን ሙሉ ስም ጨመረች። ከዚያ ፈረመች።

"እትዬ የሺ፣ ይኸ አያስፈልግም ነበር።"

"ለአንቺ አያስፈልግም።"

"ቢያንስ ሴቶቹ ዛሬ ይሂዱ፣ ነገ ተነጋገሩ" አላት አብዱልወዱድ፤ ድምፁ ልመና ነበር። "እነዚህ ሴቶች የሚመጡት በእሱ ስም ነው። ነገ ከነገወዲያ ማን ይመጣልሻል? ማንስ ምን ይልሻል? አስቢበት፣ የኔ እህት።"

"አራት ዓመት አሰብኩ፣ አብዱ። የማስበው ሌላ ሰው ነበር።" የሺወርቅ ተነሣች። ቀሚሷ ላይ ያረፈውን ዱቄት አራገፈች፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ልክ የሐዘን ቤት እንደሚገባ ሰው መልሳ በወገቧ አሸረጠችው። አብዱልወዱድ ያንን ሲያይ ፊቱን አዞረ። "መጀመሪያ ለኣሪያም ነው የምነግራት። ከወረቀት ከምትሰማው ከእኔ ትስማ።"

"አብሬሽ ልውጣ?" አለቻት ሳምራዊት።

"አትውጪ። አንቺ እዚህ ሆነሽ ያንን ቱቦ ዝጊልኝ።"

ደጃፉ ላይ አንድ አፍታ ቆመች። ላይ፣ ከጆንያው ኮርኒስ በስተጀርባ፣ በርሜሉ አንድ ጊዜ ዋጠ። የሺወርቅ ቀና ብላ አላየችም። ወደ ሴቶቹ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።